በጭንቅ ያለፈው ተማሪ፦ የስቫንቴ አርሄኒየስ የሕይወት ታሪክ

«የታላላቅ ሰዎች ታሪክ» ዓምዳችን ዛሬም በቀጠሮው መጥቷል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ውጤት ሲሰጥ የፈተና ወረቀቱን አጣጥፎ ቦርሳው ሥር የደበቀ አለ? እጅ አታውጡ፤ እኛም አድርገነዋል። ጓደኛ «ስንት አመጣህ?» ብሎ ሲጠይቅ ወሬ መቀየርም እናውቅበታለን። የዛሬው ባለታሪካችን ግን ውጤቱን የሚደብቅበት ቦታ አልነበረውም። በሕዝብ ፊት ቆሞ ሥራውን አስረዳ፣ በሕዝብ ፊትም ዝቅተኛ ውጤት ተሰጠው። ከ19 ዓመት በኋላ በዚያው ሐሳብ የዓለም ትልቁን የሳይንስ ሽልማት ወሰደ። ሰውየው ስዊድናዊው ስቫንቴ አርሄኒየስ ነው። በአጠቃላይ ሳይንስ ትምህርታችን አሲድና ቤዝ ስንማር ስሙ ብቅ ብሎ ይጠፋል። እስቲ ዛሬ ቀረብ ብለን እንወቀው። በመጨረሻም ይህ ታሪክ ከእኛ ከአርሲ ገብስ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እናያለን።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ስንጽፍ ለይተን እንነግራችኋለን።)

ልጅነቱ

ስቫንቴ የተወለደው የካቲት 19 ቀን 1859 ኡፕሳላ በምትባል የስዊድን ከተማ አጠገብ፣ ቪክ በሚባል ቦታ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1851 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። አባቱ መሬት ቀያሽ ሲሆን ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ነበር።

ልጁ ገና በ3 ዓመቱ ማንም ሳያስተምረው ማንበብ ቻለ ይባላል። አባቱ የሒሳብ መዝገብ ዘርግቶ ሲደምር አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። እንዲሁ በማየት ብቻ መደመርን ለመደ። ቁጥር ለእሱ ጨዋታ ሆነለት። በ8 ዓመቱ ትምህርት ቤት ሲገባ በቀጥታ አምስተኛ ክፍል ተመደበ፤ በ1876 ሲጨርስም ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ ትንሹና በችሎታ የላቀው እሱ ነበር።

እንግዲህ እስካሁን ያለው ታሪክ የጎበዝ ተማሪ ታሪክ ነው። ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ያስጨነቀው ጥያቄ

ስቫንቴ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሒሳብ ተማረ። ነገር ግን የፊዚክሱም የኬሚስትሪውም አሠራር አላረካውም። በ1881 ተነሥቶ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ስቶክሆልም ሄደና ኤሪክ ኤድሉንድ በተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሥር ምርምር ጀመረ።

የያዘው ጥያቄ ለእኛም የሚገባን ነው። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ደረቅ የገበታ ጨውም አያስተላልፍም። ጨውን ውሃ ውስጥ ሲያሟሙት ግን ኤሌክትሪክ ያልፋል! ሁለት የማያስተላልፉ ነገሮች ተደባልቀው እንዴት የሚያስተላልፍ ነገር ይወጣቸዋል? (ይህን መሞከር ያማረው ልጅ ካለ ከመምህር ጋር በትንሽ ባትሪ ድንጋይ ብቻ ይሞክር። የቤት ሶኬት ጋ እንዳትደርሱ፣ ይገድላል!)

በዚያ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት ብዙዎቹ ጨውን የሚሰነጥቀው ኤሌክትሪኩ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ወጣቱ ስቫንቴ ሌሊትና ቀን መፍትሔዎችን እያቀጠነ፣ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፉ እየለካ ሌላ ሐሳብ መጣለት። ምናልባት ኤሌክትሪክ ሳይመጣም፣ ገና ውሃ ውስጥ ሲሟሟ፣ ጨው ራሱ ይለያያል። የተለያዩት ቁርጥራጮች አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ ሙል አላቸው። እነሱም አዮኖች ናቸው። ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ይህ ሐሳብ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ጥቂት ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ዘሩ ግን የተዘራው ያኔ ነው።

ዝቅተኛው ውጤት

በኡፕሳላ ፔር ቴዎዶር ክሌቭ የተባለ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበር። ክሌቭ ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሆልሚየምና ቱሊየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ያገኘ ትልቅ ኬሚስት ነው። ስቫንቴ አዲስ ሐሳብ እንዳገኘ ሄዶ ሲነግረው፣ ክሌቭ ነገሩ ደስ የሚል ነው አለና በጨዋ ደንብ አሰናበተው። በቃ፣ ለማድመጥ እንኳ ጊዜ አልሰጠውም።

በ1884 ስቫንቴ 150 ገጽ ያህል የሆነ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። 25 ዓመቱ ነበር። ፈታኞቹ አልወደዱለትም። ለፊዚክስ ሰዎች ጽሑፉ ኬሚስትሪ መሰላቸው፣ ለኬሚስትሪ ሰዎች ደግሞ ፊዚክስ ሆነባቸው። የሰጡት ደረጃ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። አልወደቀም፤ ግን እንዳለፈም አይቆጠርም። እንዲህ ያለ ውጤት የያዘ ሰው በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ይቸገራል። የልጅነት ሕልሙ በር ሊዘጋበት ምንም አልቀረውም።

ለምን አላመኑትም? ምክንያት ነበራቸው። የገበታ ጨው የተሠራው ከሶዲየምና ከክሎሪን ነው። ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚፈነዳ ብረት ነው። ክሎሪን ደግሞ መርዛም ጋዝ ነው። ታዲያ ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚለያይ ከሆነ፣ ወጥ ድስት ውስጥ ለምን አይፈነዳም? እኛስ ለምን አንመረዝም? ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱ ሶዲየም አዮን እና ሶዲየም ብረት አንድ አለመሆናቸው ነው። ሙል የያዘ አተም ጠባዩ ሌላ ነው። ያኔ ግን የአተም ውስጡ ገና አልታወቀም፤ ኤሌክትሮን የተገኘው በ1897 ነው። ስለዚህ ስቫንቴ ትክክል ቢሆንም ሙሉ ማስረጃ በእጁ አልነበረም።

ደብዳቤዎቹ

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ጽሑፉን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር። ስቫንቴ ግን ጽሑፉን በፖስታ እየጠቀለለ በሌሎች አገሮች ላሉ ሊቃውንት ላከ። አንዱ ቅጂ ሪጋ ከተማ ለሚያስተምረው ለዊልሄልም ኦስትቫልድ ደረሰው። ኦስትቫልድ በዚያ ቀን ሦስት ነገር አንድ ላይ መጣበት ይባላል፦ የጥርስ ሕመም፣ አዲስ የተወለደች ሴት ልጅ እና የስቫንቴ ጽሑፍ። ከሦስቱ እንቅልፍ የነሳው ጽሑፉ ነበር። እሱ ራሱ አሲዶችን ሲመረምር የቆየ ስለነበር ነገሩ ወዲያው ገባው።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ኦስትቫልድ ተነሥቶ እስከ ኡፕሳላ ድረስ መጣ። አስቡት፤ ታዋቂ ፕሮፌሰር ዝቅተኛ ውጤት የተሰጠውን ልጅ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ! ሪጋ መጥቶ አብሮት እንዲሠራ ጋበዘው። የኡፕሳላ ሰዎች ይህን ሲያዩ ስቫንቴን መልሰው ተመለከቱት፤ የማስተማር ቦታም አገኘ። አባቱ በጠና ታሞ ስለነበር ወዲያው ከአገር አልወጣም። አባቱ በ1885 አረፈ። ከዚያ በኋላ በገንዘብ ድጋፍ በተለያዩ የአውሮፓ ከተሞች እየዞረ ከኦስትቫልድ፣ ከቦልትስማን እና ከሆላንዳዊው ቫንት ሆፍ ጋር ሠራ። በ1887 ሐሳቡን አጥርቶ አሳተመው።

አሲድና ቤዝ ሲገናኙ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከአርሄኒየስ በፊት ሰዎች አሲድንና ቤዝን የሚለዩት በጠባያቸው ነበር። አሲድ ይኮመጥጣል፤ እንደ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ እርጎና የቦካ ሊጥ። ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀትን ያቀላል። ቤዝ ደግሞ ሲዳስሱት ያሙለጨልጫል፤ እንደ ሳሙናና እንደ አመድ ውሃ። ቀይ ሊትመስን ወደ ሰማያዊ ይቀይራል። (ላብራቶሪ ውስጥ ያለ ነገር አይቀመስም፣ በእጅም አይነካም!) ሁለቱ ሲደባለቁ ጠባያቸው እንደሚጠፋም ይታወቅ ነበር። ለምን እንደሚጠፋ ግን አጥጋቢ መልስ አልነበረም።

አርሄኒየስ እንዲህ አስረዳ። አሲድ ማለት ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጅን አዮን የሚለቅ ነው። ቤዝ ማለት ሃይድሮክሳይድ አዮን የሚለቅ ነው። ሃይድሮጅን አዮን ፖዘቲቭ ነው፣ ሃይድሮክሳይድ ኔጋቲቭ ነው። ሲገናኙ ተያይዘው ምን ይሆናሉ መሰላችሁ? ውሃ! ተራ ውሃ። አሲዱ የሚያቃጥልበትን ሰጠ፣ ቤዙም የሚያቃጥልበትን ሰጠ፤ ሁለቱም አላሸነፉም። የቀሩት አዮኖች ደግሞ ጨው ይሆናሉ። ለምሳሌ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብረት ይበላል፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳ ይልጣል። ሁለቱ በእኩል መጠን ሲገናኙ ግን የሚቀረው ውሃና የገበታ ጨው ነው።

ለዚህ ሐሳብ ጥሩ ማስረጃ የሆነው ሙቀት ነው። አሲድና ቤዝ ሲደባለቁ ይሞቃሉ። ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ሙቀቱን ሲለኩ አንድ እንቆቅልሽ ገጥሟቸው ነበር። የትኛውንም ኃይለኛ አሲድ ከየትኛውም ኃይለኛ ቤዝ ጋር ቢያገናኙ፣ እኩል ውሃ እስከተፈጠረ ድረስ ሙቀቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ለአንድ ሞል ውሃ 57 ኪሎ ጁል ገደማ። (ሞል የሚባለውን መለኪያ ከፍ ስንል እንማረዋለን።) አሲዱ ሲለያይ፣ ቤዙ ሲለያይ ሙቀቱ ለምን አይለያይም? በአርሄኒየስ ሐሳብ መልሱ ቀላል ነው። ስማቸው ቢለያይም ውስጥ ውስጡን የሚሆነው ነገር ያው አንድ ነው፦ ሃይድሮጅን አዮንና ሃይድሮክሳይድ አዮን ውሃ ሲሆኑ። ሌሎቹ አዮኖች እንደ ሠርግ ታዳሚ ናቸው፤ አሉ፣ ይታያሉ፣ የሚጋቡት ግን እነሱ አይደሉም።

ሐሳቡ ፍጹም አልነበረም። አሞኒያ ሃይድሮክሳይድ በውስጡ ሳይኖረው ቤዝ ይሆናል። ይህን ጉድለት በ1923 የዴንማርኩ ብሮንስቴድና የእንግሊዙ ሎውሪ፣ ሳይመካከሩ፣ ሞሉት። ቤዝ ማለት ሃይድሮጅን አዮንን የሚቀበል ሁሉ ነው አሉ። የአርሄኒየስን ቤት አላፈረሱም፤ ክፍል ጨመሩበት እንጂ።

ሽልማቱ፣ ሌላው ሥራው እና ጥፋቱ

አርሄኒየስ በ1891 ስቶክሆልም ማስተማር ጀመረ፣ በ1895 ፕሮፌሰር ሆነ። በ1896 ደግሞ፣ እኛ አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ ሌላ ትልቅ ጽሑፍ አወጣ። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ገደማ ትሞቃለች ብሎ በእጁ አሰላ። ዛሬ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስንሰማ ያን ስሌት ማስታወስ ጥሩ ነው።

በ1901 የስዊድን የሳይንስ አካዳሚ አባል ሲሆን እንኳ የተቃወሙት ብዙ ነበሩ። በ1903 ግን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተቀበለ። ከስዊድን ኖቤል የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ነው። የተሸለመበትም ያ ዝቅተኛ ውጤት ያገኘው ሐሳብ ነበር። ከ1905 ጀምሮ የኖቤል የፊዚካል ኬሚስትሪ ተቋምን መራ።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን እንንገራችሁ፤ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ስንል ጥሩ ጥሩውን ብቻ መርጠን ማቅረብ የለብንም። የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ የሠራው ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ የአዮንን ሐሳብ ሲተች የነበረ ሰው ነው። በ1906 ሜንዴሌቭ ለኖቤል ሲታጭ አርሄኒየስ በአካዳሚው ውስጥ ተሰሚነት ነበረው። ሠንጠረዡ የቆየ ሥራ ነው ብሎ ሽልማቱን ተቃወመ። ብዙዎች ያለፈውን ቂም ይዞ ነው ይላሉ። ሜንዴሌቭ በዓመቱ ሳይሸለም ሞተ። አርሄኒየስ በወጣትነቱ ፈታኞች ሳይረዱት ፈረዱበት፤ ፈራጅ ሲሆን ደግሞ እሱ ራሱ በሌላው ላይ እንዲሁ አደረገ። ይህን ስናነብ ክበባችን ውስጥ ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን አዘንበት።

አርሄኒየስ ጥቅምት 2 ቀን 1927 በ68 ዓመቱ ስቶክሆልም ውስጥ አረፈ፤ የተቀበረውም በኡፕሳላ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1920 ዓ.ም. ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ነበሩ።

ታዲያ ከአርሲ ጋር ምን አገናኘው?

ስዊድንና አሰላ ድሮም ይተዋወቃሉ። አያቶቻችን «ካዱ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ካዱ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በ1967፣ በእኛ 1959/60 ዓ.ም.፣ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት ነው። ማዕከሉ እዚሁ አሰላ ነበር። ማዳበሪያ፣ የተሻሻለ ዘርና ብድር ለገበሬው ያደርስ ነበር። በቁሉምሳም የእርሻ ምርምር ይሠራ ነበር፤ ቁሉምሳ ዛሬም የስንዴ ምርምር ማዕከል ናት።

ግን ዋናው ግንኙነት እግራችን ሥር ነው፤ አፈራችን ውስጥ። እንደ በቆጂ ባሉ ከፍ ያሉ ዝናባማ አካባቢዎች የአፈር አሲዳማነት የሚባል ችግር አለ። ዝናቡ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል። እህሉም ገለባውም በየዓመቱ ከማሳ ይወጣል። እንደ ዩሪያ ያሉ ማዳበሪያዎችም አሲዱን ይጨምራሉ። ቀስ በቀስ በአፈሩ ውስጥ ሃይድሮጅን አዮን ይበዛል። የሚለካውም በፒኤች ነው፤ ፒኤችን በ1909 የፈለሰፈው ሶረንሰን ኮፐንሃገን ባለ የቢራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። 7 ገለልተኛ ነው። ከ7 በታች አሲድ ነው። አንድ ቁጥር ሲወርድ አሲድነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል።

ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈር ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያቀጭጨዋል። ፎስፈረስም ይታሰራል፤ ገበሬው ገንዘቡን አውጥቶ ማዳበሪያ ቢጨምርም ሰብሉ አያገኘውም። ከሁሉም በላይ ይህን የማይችለው ገብስ ነው። ለገንፎአችን፣ ለቆሎአችን፣ ለአሰላ ብቅል ፋብሪካም የሚሆነው ገብስ! ባቄላም ይጎዳል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ የአፈር ባለሙያዎች ይናገራሉ።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? አሲድን ከቤዝ ማገናኘት! የግብርና ኖራ ማለት የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። ማሳ ላይ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ሲታረስ ሃይድሮጅን አዮኑን ይቀበለዋል፤ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራሉ። አሉሚኒየሙም ከመሟሟት ይቆማል። ችግሩ ኖራው ብዙ መሆኑ ነው፤ ለአንድ ሄክታር በርካታ ኩንታል ያስፈልጋል፣ በጋሪም በአህያም ማድረስ ቀላል አይደለም። ትንሽ ጓሮ ላላቸው ግን አመድ አለ። አመድም ቤዝ ነው። ካላመናችሁ ትንሽ አመድ ላይ ሎሚ ጨምቁና አረፋውን ተመልከቱ።

አንድ ደስ የሚል ነገር እንጨምር። የአርሄኒየስ የመጀመሪያ ልጁ ኡሎፍ አርሄኒየስ ሲያድግ ምን ቢያጠና ጥሩ ነው? የአፈርን አሲድነትና የሰብልን እድገት! አባት በብርጭቆ ውስጥ የጀመረውን ልጅ ማሳ ላይ ቀጠለው።

ምን እንማራለን?

ውጤት ዝቅ አለ ማለት ሐሳቡ ሁሉ ስህተት ነው ማለት አይደለም። እንዳትሳሳቱ ግን፤ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ሁሉ አርሄኒየስ ነው ማለትም አይደለም! እሱ ሌሊት ቁጭ ብሎ የለካቸው ቁጥሮች ነበሩት። ሥራውን አልደበቀም፤ ለሚረዳው ሰው ላከው። እኛም ያልገባንን ወረቀት ቦርሳ ሥር ከመክተት ለመምህራችን ወይም ለጓደኛችን ብናሳይ ይሻላል። ሌላው ሰው ሐሳቡን ሲነግረን ደግሞ፣ ባይጥመንም፣ እስከ መጨረሻው እናድምጠው። ይህኛውን አርሄኒየስ ራሱም ረስቶት ነበር።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ የቃር ሕመም ያለበት ሰው ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የሚታኘክ ክኒን አሲድ ነው ወይስ ቤዝ? ለምን? መልሳችሁን ከነክፍላችሁ ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ጣሉ። ትክክለኛውን መልስ ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ እናነባለን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑልን!